ነጥብ የማይያዝበት ሐሙስ

ባለፈው ወር ለልቤ ክትትል ሆስፒታል ሄጄ አግዳሚ ወንበር ላይ ተራዬን ስጠብቅ፣ ጋዋኑ ገና ከማጠፊያው ያልተፈታ የሚመስል አንድ የሕክምና ተማሪ አጠገቤ ቁጭ አለ። ግራ ቀኙን አየት አየት አደረገና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «እማማ፣ ሐኪሞቹ በሽታዎን ምን ነው ያሉት?» አለኝ። እንዴት እንደሳቅሁ አትጠይቁኝ። ልጁ ደነገጠ። «አይዞህ የኔ ልጅ፣ በአንተ አይደለም የሳቅሁት» አልኩት፤ እውነቴን ነው። ያቺን ጥያቄ፣ በዚያችው የሹክሹክታ ድምፅ፣ የዛሬ ሃያ ምናምን ዓመት ስንቴ ተጠይቄያታለሁ! ነርሷ ስሜን ጠርታ ብገባም፣ ግፊቴን ስትለካኝም፣ ቀኑን ሙሉ ሐሳቤ ወደዚያ ዘመን እንደሄደ ቀረ።

ያን ጊዜ ሀዋሳ የብስክሌትና የጋሪ ከተማ ነበረች። ባጃጅ ገና አንድ ሁለት እያለች ብቅ ስትል ሕፃናት ከኋላዋ ይሮጡ ነበር። እኔ ካለሁበት ከአዲስ ከተማ ሰፈር መሃል ከተማ በጋሪ ሃምሳ ሳንቲም ነው፤ ከባለጋሪው ጋር ከተግባባችሁ የጨርቅ ጥቅላችሁን በነፃ ይጭንላችኋል። ሴቶቹ ተረከዙ እንደ ጡብ የወፈረ ጫማ ያደርጋሉ፤ ወንዶቹ ጂንሳቸው አስፋልት እየጠረገ ነው የሚሄዱት፤ ጫፉን እንድሰፋላቸው ሲያመጡልኝ ግማሹ አልቆ ነው። የልብስ ስፌት መኪናዬን ዘርግቼ ከምቀመጥበት በረንዳ ማዶ ካሴት ቤት ነበረ። አንዱን ካሴት ከወደዱት የዘፋኙ ድምፅ እስኪጎተት ድረስ ያጫውቱታል፤ እኔም ፔዳሌን በዘፈኑ ምት ነበር የምረግጠው። ፈጣን ዘፈን የመጣ ቀን ብዙ እሰፋለሁ፤ የትካዜ ዘፈን የመጣ ቀን ደንበኞቼ ይቆጣሉ። የምሰፋውም በብዛት ነጭ ጋዋን ነበር። የሕክምና ተማሪዎቹ ቴትሮን ጨርቃቸውን በፌስታል አንጠልጥለው ይመጣሉ፤ የእጅ ዋጋ አሥራ አምስት ብር። ሁሉም የሚሉት አንድ ነው፤ «እትዬ አስካለ፣ ኪሱን ሰፋ አድርጊልን።» ኪሱ ውስጥ የልብ ማዳመጫ ይገባል፣ ትንሽ መጽሐፍ ይገባል፣ አንዳንዴም ሳምቡሳ ይገባል፤ የዘይቱን እድፍ የማስለቅቀው እኔ ስለነበርኩ ነው የማውቀው። ዛሬ ጋዋን ተሰፍቶ ሱቅ ውስጥ ተሰቅሎ ይሸጣል። የማንም ልክ አይደለም፤ ሁሉም ይለብሱታል።

እኔ ትምህርት ቤት ብዙም አልቆየሁም። ፊደል የቆጠርኩት ከወንድሜ ደብተር ላይ ነው፤ ማንበብ የለመድኩት ደግሞ ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ። ታዲያ ሠላሳዎቹን እንደጀመርኩ ፔዳል ስረግጥ ትንፋሽ እያጠረኝ መጣ። ሆስፒታል ተኛሁ። በልጅነቴ መገጣጠሚያዬን እያሳበጠ ሲመላለስብኝ የነበረው በሽታ ልቤን ነክቶት ኖሮ፣ «ከልብሽ በሮች አንዱ ጠቧል፤ ደሙ ሲያልፍ ድምፅ ያሰማል» አሉኝ። ለእኔ መርዶ የሆነው ነገር ለተማሪዎቹ ሠርግ ሆነ! «ጥሩ ድምፅ አላት» እየተባባሉ ይጠራሩብኛል። ዘፍኜ የማላውቀው ሴትዮ በድምፄ ዝነኛ ሆንኩ። ከሆስፒታል ከወጣሁ በኋላም የፈተና ቀን ሲደርስ መልእክት ይላክብኛል፤ መኪናዬን ሸፍኜ፣ የጋሪ ተከፍሎልኝ ሄጄ አልጋ ላይ እጋደማለሁ፤ እነሱ ይፈተኑብኛል።

ፈተናው እንዲህ ነው። ተማሪው ከበሽተኛው ጋር ብቻውን ይተዋል። ይጠይቃል፣ ይዳስሳል፣ ያዳምጣል፣ ወረቀት ላይ ይጽፋል፤ ከዚያ አስተማሪዎቹ መጥተው ያፋጥጡታል። መጋረጃው እንደተዘጋ ግን የመጀመሪያው ነገር ሹክሹክታ ነው። «እትዬ፣ ምን አሉሽ?» እኔም እነግራለሁ። በእንግሊዝኛው ነዋ! ሐኪሞቹ አልጋዬ አጠገብ ቆመው ሲነጋገሩ በጆሮዬ ይዤዋለሁ፤ ያንን የልብ በር መጥበብ «ማይትራል ስቴኖሲስ» ብዬ ጥርት አድርጌ። እና ምን ላድርግ? ጋዋናቸውን የሰፋሁት እኔ፣ ሲጨነቁ የማየው እኔ፤ ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ብሎ እያየሁ አፌን ልዘጋ? የተራበ ሰው በር ላይ ቆሞ ዳቦ እንደ መከልከል ነበር የሚሰማኝ። በተለይ ናሆም የሚባል የአዲስ አበባ ልጅ ነበረ፣ ቀልደኛ፤ «እትዬ አስካለ ከመጽሐፉ ትበልጣለች። መጽሐፉ አይናገርም» እያለ ያስቀኝ ነበር።

ነገሩ የተበላሸው አንድ ቀን ነው። ስድስት ልጆች ተራ በተራ ተፈተኑብኝ፤ ለስድስቱም ሹክ አልኩ። አምስተኛዋ ሩት ነበረች። ሩት ከአለታ ወንዶ በኩል የመጣች፣ አባቷ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ የሆኑ፣ ድምፅዋ ከራሷ ጉሮሮ ለመውጣት ፈቃድ የሚጠይቅ የሚመስል ልጅ ናት። ቀደም ብላ አንድ ፈተና ወድቃለች። እሷ አልጠየቀችኝም፤ የእጄን የደም ሥር ይዛ ዝም ብላ ቆየች። ሰዓቷን አየች፣ ጻፈች፣ እንደገና ያዘች። አሳዘነችኝና ሳትጠይቀኝ ነገርኳት። «አይዞሽ፣ ማይትራል ስቴኖሲስ ነው። ሌላ ምንም የለብኝም።» ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ላጲሷን አወጣች።

ከሰዓት በኋላ ዶክተር ታደለ መጡ፤ ዋናው አስተማሪያቸው ናቸው፤ በብስክሌት የሚመላለሱ፣ ሲቆጡ ድምፃቸው የሚቀንስ ሰው። የልጆቹን ወረቀት በአንድ እጃቸው ይዘው በሌላው እጄን ያዙ። ቆዩ። ፊታቸው ተለወጠ።

«አስካለ፣ ልብሽ አንዳንዴ እየዘለለ ይመታብሻል እንዴ?»

«እንዲያው ሰሞኑን ትንሽ ይንቀጠቀጥብኛል፤ ድካም ነው ብዬ ነው።»

«ድካም አይደለም። ምቱ ተዛብቷል። እንዲህ ሲሆን ልብ ውስጥ ደም ይረጋል፤ የረጋው ደም ጭንቅላት ላይ ከወጣ ሽባ ያደርጋል።» ወደ ልጆቹ ዞሩ። «ስድስታችሁም እጇን ይዛችኋል። ስድስታችሁም 'ምቱ የተስተካከለ' ብላችሁ ጽፋችኋል። በአንድ ቃል! ማን ነው የቆጠረ?»

ናሆም እንኳ ጫማውን ነበር የሚያየው። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። «ዶክተር፣ ጥፋቱ የኔ ነው። የነገርኳቸው እኔ ነኝ» አልኩ። እሳቸው አንዱን ወረቀት ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስተው እያዩ ነበር። «ይሄ የማን ነው? እዚህ ጋ ተፍቋል። ከሥሩ 'ያልተስተካከለ' ይላል።»

ሩት እጇን አነሳች፤ ከትከሻዋ በላይ አልሄደላትም።

«ሰምተሽ ነበር?»

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን ፋቅሽው?»

«እሳቸው ሌላ ምንም የለብኝም ሲሉኝ...» ብላ እዚያው ላይ ቆመች።

ፈተናው ተሰረዘ። እኔ እዚያው ተኛሁ፤ ደም የሚያቀጥን ኪኒን ተጀመረልኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን ክፉ ነገር ሳይደርስብኝ ወጣሁ። አስተማሪዎቹ ተሰብስበው ስድስቱም ከሁለት ወር በኋላ እንደገና ይፈተኑ ብለው ወሰኑ። ለአምስቱ ይህ መዘግየት ነው። ለሩት ግን የመጨረሻ ዕድሏ ነበር፤ ይህንንም ከወደቀች ትሰናበታለች።

ከሳምንት በኋላ በረንዳዬ ላይ መጣች። የሰፋሁላትን ጋዋን አጥባ፣ ተኩሳ፣ አጥፋ ይዛለች። «እትዬ፣ የሚፈልግ ተማሪ ካገኘሽ ሽጪልኝ።»

«አንቺስ ምን ልትለብሺ?»

«አገሬ ትምህርት ቤት አስተማሪ ይፈልጋሉ። እዚያ ሰው አይሞትም።»

መኪናዬን አቆምኩ። ይቅርታ ልበላት? ብያት ነበር፣ አሥር ጊዜ። «ያጠፋሁሽ እኔ ነኝ፤ አንቺ በትክክል ይዘሽው ነበር» አልኳት።

«አይደለም እትዬ። እጄ ያለኝን ትቼ አንቺ ያልሽኝን ነው የጻፍኩት። ነጥብ ሲኖር ሁሌ እንደዚያ ነኝ። ሰው ያለውን ነው የምለው፣ ልክ ይመስለኛላ። ሐኪም እንደዚያ ሆኖ ምን ይሠራል?»

ጋዋኑን ተቀበልኳት፤ ለመሸጥ ግን አልነበረም። «ገዢ እስኪገኝ ይቀመጥ» አልኳት፤ ገዢ አልፈለግሁለትም። በማግስቱ ለመድኃኒቴ ስሄድ ሁሉንም ለዶክተር ታደለ ነገርኳቸው። እርሳቸውም፣ «ጥፋቱ የአንቺም የእነሱም ብቻ አይደለም። እኛ የምንጠይቃቸው ነጥብ ልንሰጥ ስንል ብቻ ነው፤ በዚያ ሰዓት ማን 'አላወቅሁም' ይላል?» አሉኝ። ከዚያ በየሳምንቱ ሐሙስ ከሰዓት አንድ ነገር ጀመሩ። እንደ ፈተናው ሁሉ ተማሪው በሽተኛ ይመረምራል፤ ግን ነጥብ የለም፣ ስም አይመዘገብም። ሲጨርስ ሁለት ጥያቄ ይጠየቃል፤ ምን ሰማህ፣ ምን አልሰማህም። በመጨረሻ ለሚቀጥለው ሐሙስ የሚለማመደው አንድ ነገር፣ አንድ ብቻ፣ በቁራጭ ወረቀት ላይ ተጽፎ ይሰጠዋል። በሽተኛውም ይናገራል አሉ።

«እኔ ደግሞ ምን አውቃለሁ?» አልኳቸው።

«እጃቸውን ታውቂያለሽ። የበሽታውን ስም ብቻ እንዳትነግሪያቸው።»

ይቺ 'ብቻ' እንዴት እንዳሰቃየችኝ! ስሙ ምላሴ ጫፍ ላይ መጥቶ ያሳክከኛል፤ ከንፈሬን ነክሼ ነው የምይዘው።

የመጀመሪያው ሐሙስ የመጡት ሦስት ናቸው። የቀሩት፣ «ነጥብ ከሌለው ምን ይጠቅመናል?» ብለው ብስክሌት ተከራይተው ሐይቅ ዳር ሄዱ። ናሆም መጣ፤ ለመቀለድ ነው የመጣው። ሩት የመጣችው እኔ ሄጄ ጎትቼያት ነው፤ «ገዢው ጋዋኑን ሰው ለብሶት ማየት ይፈልጋል» ብዬ ዋሽቻት፣ አልብሼ አመጣኋት። ናሆም መርምሮኝ ሲጨርስ ዶክተሩ ወደ እኔ ዞሩ። «አስካለ፣ ምን ትይዋለሽ?» እኔም፣ «እጁ እንደ ለስላሳ ጠርሙስ ይቀዘቅዛል። ደግሞ ሲያዳምጠኝ በሩን እያየ ነው፤ ማን መጣ ማን ሄደ ይላል» አልኩ። ሳቁብን። ናሆም ግን አልሳቀም፤ ቆይቶ እጆቹን አየና፣ «ማንም ነግሮኝ አያውቅም» አለ። በሚቀጥለው ሳምንት መዳፉን እያፋተገ ገባ።

ሩት ተራዋ ሲደርስ፣ «ምን ሰማሽ?» ተባለች፤ ዝም። ዶክተሩ አልቸኮሉም። «እሺ፣ ምን አልሰማሽም?» ሲሏት ግን ተናገረች። ድምፁ የት እንደሚጀምር አልለየሁም አለች፣ በግራ ጎናቸው ሲተኙ ለውጡን አልያዝኩም አለች፣ ሌላም ጨመረች፤ አራት ነገር ቆጠረች። ይህን ያህል ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። ዶክተሩ ከአራቱ አንዱን ብቻ ጽፈው ሰጧት። «ሦስቱስ?» አለች። «ሦስቱ የትም አይሄዱም፤ ይጠብቁሻል።»

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ስለዚህ ነገሩ ቶሎ ገባኝ። እኛ ልብስ ቆርጠን ወዲያው አንሰፋውም። ክር ጣል ጣል እያደረግን አያይዘን ሰውየውን እናለብሰዋለን፤ ብብቱ ጋ ይይዘዋል? ትከሻው ይወድቃል? ክሩ ገና ስላልጠበቀ መፍታቱ አያሳፍርም። ካጠበቅነው በኋላ ከሆነ ግን መፍታትም ይከብዳል፣ ጨርቁም ይበሳሳል። እኔን ስፌት ያስተማረችኝ አክስቴ አንድ ቀን እንኳ «ጎበዝ» ወይም «ሰነፍ» ብላኝ አታውቅም፤ ጣቷን ታስቀምጥና «እዚህ ጋ ተስቧል» ትለኛለች። እኔም ነገ እዚያ ጋ እንዳይሳብ ብዬ ማለዳ እነሳለሁ። ዛሬ የልጅ ልጄ ውጤቷን ከስልክ ላይ ነው የምታየው፤ ቁጥር ብቻ። ሰማንያ ሁለት። «አሥራ ስምንቱ የት ሄደ?» ስላት ትከሻዋን ትነቀንቅልኛለች።

አራተኛው ሐሙስ ላይ ሩትን የሚጎትታት ሰው አላስፈለገም፤ ከእኔ ቀድማ አልጋው አጠገብ ቆማ አገኘኋት። ሐይቅ ዳር ከሄዱትም አንዳንዶቹ መምጣት ጀመሩ። «ነጥብ የለው፣ ምሳ የለው፣ ለምን መጣችሁ?» ብዬ ስተርባቸው፣ አንዷ «እዚህ አላዋቂ መሆን ይቻላላ» አለችኝ። ሩት እየጮኸች የምትናገር አልሆነችም፤ እንደዚያ ብል ውሸት ነው። ግን «አልሰማሁም» ስትል ጭንቅላቷን መድፋት ተወች።

የፈተናው ቀን ደረሰ። እኔን አልጠሩኝም፤ ተገቢም ነው። ግን ልቤ መች ያስቀምጠኛል፤ ኮሪደሩ ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ። በሽተኛው ከገጠር የመጡ አባባ ሐመሶ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ ፈታኙ ደግሞ ከሌላ ቦታ የመጡ፣ ፈገግታ የማያውቁ ሐኪም ከዶክተር ታደለ ጋር። መጋረጃው ውስጥ የሆነውን ሩት ራሷ ነው ኋላ የነገረችኝ። አባባ ሐመሶም እንደ እኔው ደግ ናቸውና፣ ገና ስትገባ በሁለቱም አገር ቋንቋ፣ በሲዳሙ አፎ፣ «ልጄ፣ ልቤ ውስጥ የሚያፈስ በር አለ ብለውኛል፤ እንደ ንፋስ ሽው ይላል አሉ» አሏት። አሁን ማን ያቆማታል? የተነገራትን ጽፋ ብትወጣ በቃ ነበር።

ፈታኙ መጡ። «ተጨማሪ የልብ ድምፅ ሰማሽ?»

«አልሰማሁም።»

«ከአንቺ በፊት የገቡት ሁሉ ሰምተናል ብለዋል።»

«እኔ አልሰማሁም። ግን እጄ ላይ የደም ሥራቸው በኃይል መትቶ ወዲያው ይወድቃል፤ የላይኛውና የታችኛው ግፊታቸውም በጣም ይራራቃል። ስለዚህ የሚያፈስ በር መኖር አለበት፣ ድምፁም መኖር አለበት። እኔ ነኝ ያልሰማሁት።»

ፈታኙ ጻፉ። ምን እንደጻፉ ከፊታቸው አይነበብም። ሩት ወጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። «አበላሸሁት» አለችኝ። «የነገሩኝን ብል ኖሮ...» የሹክሹክታን ነገር ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ምን ያህል እንደሚጣፍጥም አውቃለሁ።

ውጤቱ ሰኞ ተለጠፈ። አለፈች። ከላይ አይደለችም፣ መሃልም አይደለችም፤ ግን አለፈች። ዶክተር ታደለ እንደነገሩኝ ፈገግታ የማያውቁት ሐኪም፣ «ሰማን ያሉትን ሁሉ ድምፁን በአፋችሁ አሳዩኝ ብላቸው አንዳቸውም አልቻሉም። አልሰማሁም ያለችውን ነው የማምናት» ብለው ነበር አሉ። ሩት በረንዳዬ ድረስ ሮጣ መጥታ አቀፈችኝና ሁለታችንም አለቀስን፤ የካሴት ቤቱ ልጆች ሰው የሞተብን መስሏቸው ዘፈኑን ዘጉ።

በዚያ ሳምንት ሐሙስ ለመሄድ አመነታሁ። ፈተናው አልቋል፤ ማን ይመጣል? ግን ከቤት ከመዋል ብዬ ሄድኩ። የሕሙማኑ ክፍል ከተማሪ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። ጥግ ላይ ካለው አልጋ ዘንድ ሩትን አየኋት፤ ዶክተር ታደለ ከኋላዋ እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል። አባባ ሐመሶ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ወደ ፊት ጎንበስ ብለዋል።

«አልፈሽ የለ፣ ምን ታደርጊያለሽ እዚህ?» አልኳት።

«አልሰማሁትማ» አለችኝ፤ ዞራ እንኳ አላየችኝም። በሲዳሙ አፎ ትንፋሻቸውን አውጥተው እንዲይዙ ነገረቻቸው። ማዳመጫውን ደረታቸው ላይ አሳረፈች፤ ትንሽ ወደ ግራ አንሸራተተችው፤ ዓይኗን ጨፈነች። ሽማግሌው ትንፋሻቸውን እንደያዙ ፊታቸው ቀላ። ከዚያ የሩት ፊት ሲለወጥ አየሁ፤ መጀመሪያ ቅንድቧ፣ ከዚያ አፏ።

አባባ ሐመሶ ትንፋሻቸውን ለቀቁና፣ «አገኘሽው?» አሏት።

ራሷን ነቅንቃ አዎ አለች።

«እንግዲህ ይህን ያህል ዓመት ተሸክሜው እኔ አንድ ቀን አልሰማሁት» አሉ፤ እጃቸውንም ዘረጉ። «አምጪው እስቲ።» ሩት ማዳመጫውን ከጆሮዋ አውጥታ በእሳቸው ጆሮ ላይ አደረገችው፤ ጫፉን በእጇ እንደያዘች ደረታቸው ላይ አቆየችው። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ረጅም ጊዜ አዳመጡ።

«ይቺ ናት እንዴ እኔን የምታደክመኝ?» አሉ በመጨረሻ፤ እንደ ሕፃን ልጅ ተገርመው፣ ማዳመጫውን ሳይመልሱ።